ያልተቀናበረው ጥሪ

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትርሲት ፓስታ መቀቀሏን በታላቅ አክብሮት እናሳውቃለን። ደሴ ባለችው እናቷ ስክሪን ላይ ግን ይኸው ፓስታ ሻማ፣ ሙዚቃና አራት የሚስቁ ጓደኞች ተጨምረውበት ይታያል። የስልክ ጥሪ ሁሉ በስልኩ በራሱ እንደ ክሊፕ ተቀናብሮ መድረስ ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ትርሲት ጓደኛ የላትም።

የእናቷም ጥሪ አያንስም፤ አረንጓዴ መስክ፣ ጥልፍ ቀሚስ፣ ከበስተኋላ እስክስታ።

"አባዬስ?"

"ይኸው፣ ወጣ እያለ ነው!"

አባቷ ከሩቅ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ መስኩ ላይ ያለውን ቦይ በዝግታ ይሻገራል።

ትርሲት የፊልምና የክሊፕ ልማዶችን የምታጠና ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፏ የእናቷን ጥሪዎች አንድ በአንድ ስትመረምር፣ አባቷ ከጥር ወዲህ ያንኑ ቦይ በዚያው እርምጃ ዘጠኝ ጊዜ ሲሻገር አየችው። አቀናባሪ አዲስ ምስል ሲያጣ የድሮውን እንደሚደግም ደግሞ ራሷ ምዕራፍ ሁለት ላይ ጽፋለች።

መልሳ ደወለች። "እማዬ፣ ቅንብሩን ላጥፋው።"

"ተይ እንጂ፣ ፀጉሬን እንኳ አልተሠራሁም! መጀመሪያ ፈተናሽን ጨርሺ።"

አጠፋችው። ቅንብር ሲጠፋ ከሁለቱም ወገን ነው የሚጠፋው።

መስኩ ሄደ። እናቷ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ጠባቧ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ የልጇን ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ አየች።

"ልጆቹስ፣ ጓደኞችሽስ?" አለች ቀስ ብላ። "መርዶውን እነሱ ያረዱልኛል ብዬ ነበር እኮ።"