የበረንዳው ወንበሮች

ሞላልኝና ሚስቱ ብርቄ ለበረንዳቸው ሁለት ወንበር ፍለጋ የደሴን ሱቆች ማዳረስ ከጀመሩ ክረምት አልፎ በጋ ገባ። በዚያ ዘመን ዕቃ የሚሸጠው በገዢው ቀሪ ዕድሜ ልክ ነበር። ገዢው መዳፉን በየሱቁ ባለው ዕድሜ ለኪ መስታወት ላይ ያሳርፋል፤ እሱ እስካለ ድረስ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ ይወጣለታል። ከባለቤቱ ተርፎ የሚጣል ነገር እንዳይኖር የወጣ ደንብ ነው።

ብርቄ ግን በየሱቁ፣ መስታወቱን ሳትነካ፣ አንድ እንከን አውጥታ ትመለሳለች። ዛሬም "መደገፊያው ይጎረብጣል" አለች።

"አንቺ ሴት፣ ቆመን ልናረጅ ነው እንዴ?" አለ ሞላልኝ። እየሳቀ እጇን ይዞ መስታወቱ ላይ አሳረፈው፤ የራሱንም አስከተለ።

ሻጩ ሁለት ወንበር አምጥቶ የእያንዳንዳቸውን በየፊታቸው አስቀመጠ። ገዢ እንዳይሳቀቅ ቀለማቸውም ቅርጻቸውም አንድ ተደርጓል። ሞላልኝ በየእጁ አንዳንድ ይዞ ሊያነሳቸው ሞከረ። የእሱ ዋንዛ ነበር፤ በአንድ እጅ ከወለሉ አልነሳም አለ። የብርቄ እንደ ባዶ ካርቶን ብድግ አለ።

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

"ታውቂ ነበር?"

"አምና ድስት ስገዛ" አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። "ስስ ድስት ሰጡኝ።"

ሞላልኝ ዋንዛውን ወደ ሻጩ ገፋው።

"ለእኔም እንደ እሷ ያለ ስጠኝ።"

"አባባ፣ እርስዎን አይመጥንም። ቶሎ ይሰበርብዎታል።"

"ይሰበር።"

ሻጩ ግራ ገብቶት ወደ ብርቄ ተመለከተ። እሷ ግን ባሏ በጠየቀው ወንበር ላይ አንድም እንከን አላወጣችም።