ምድጃው አጠገብ የተቆረጠመ ቆሎ

ይትባረክ ዚርኮኒየም የሚባል ማዕድን ቀላቅሎ የሠራው ብረት ቤተ ሙከራው ምድጃ ውስጥ እየጋለ ነው። ብረቱ ከተሰነጠቀ ምድጃው ላይ የተገጠመው መሣሪያ ድምፁን ሰምቶ ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር ያዘልለዋል። ካልተሰነጠቀ ግን የስንት ዓመት ልፋቱ ሰመረ።

ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ መስመሩ ዘሏል። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

ክፍሉን ስትወለውል የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እዚያ ክፍል መብላት ክልክል ነው። እሷ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ ስለደከማት፣ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ቆሎዋን ቆርጥማለች።

«እኔ ነኝ ልጄ፤ ቆሎ በላሁ። የሰማው የኔን ጥርስ ነው።»

ይትባረክ ብድግ አለ። «እትዬ፣ ሊያባርሩዎት እኮ ይችላሉ!»

«ያባርሩኝ! የሰው ልፋት አበላሽቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«የተረፈ ቆሎ አለ?»

ከመቀነቷ ፈታች።

«እስቲ እዚያው ቁጭ ብለው ይቆርጥሙ።»

ቆረጠመች። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

«ጠንከር አድርገው፣ እትዬ።»

መንጋጋዋ እስኪያማት ቆረጠመች። መስመሩ እንደተኛ ነው።

«በቃ፣ ይበቃል እትዬ» አላት ቀስ ብሎ።

እሷ ግን ሌላ እፍኝ አፏ ውስጥ ጨመረች።