የእንኳን ደህና መጣሽ ቁርስ

ጋሽ ሙሄ አዲስ ሠራተኛን መጀመሪያ የሚያስተምሩት ሥራውን ሳይሆን ወጉን ነው። ኢልሃም ከሚሴ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ በተመደበች ቀን፣ ገና የክትባቱን ማቀዝቀዣ እንኳ ሳያሳዩዋት አስቀምጠው መከሯት።

"የመሥሪያ ቤት ግብዣ ሰርግ ቤት አይደለም፣ ልጄ። 'ታኢ' ሳይሉሽ አትቀመጪ። ታላቅ ሳይጀምር እጅሽን አትስደጂ። ስልክ አትነካኪ። ደግሞ ዱዓ ሳይደረግ ከማዕድ የሚነሳ ሰው እኔ ዘንድ ሰው አይደለም።"

ኢልሃም የባቲ ልጅ ናት፤ ወግ የሚጎድላት አልነበረችም። ግን አለቃዋ ናቸው፣ የሙከራ ጊዜዋም አላለቀም፤ ስለዚህ እሺ ብላ ሰማች። ባቲ ውስጥ አልጋ የያዘ አባት አላት። ለሱ ስትል የማትችለው ነገር የለም።

አንድ ማለዳ፣ ሰው ከሱብሂ ሰላት ገና ሲመለስ፣ ፋሪዳ ደወለችላት። ፋሪዳ የክሊኒኩን መድኃኒት የምትይዝ ሴት ናት።

"ዛሬ እኔ ቤት የእንኳን ደህና መጣሽ ቁርስ አለሽ። ጋሽ ሙሄም ይመጣሉ።"

"በዚህ ማለዳ?"

"በኋላ ለክትባት ወደ ጨፋ ይወጣሉ። ነይ ብቻ፣ እንዳትቀሪ።"

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባላል። የተዘጋጀው ግን ጨጨብሳ ነበርና ኢልሃም አልጠረጠረችም። ሻሿን አሳምራ አስራ ሄደች።

ፋሪዳ በር ላይ ተቀበለቻት። ዐይኖቿ ቀልተዋል።

"ሽንኩርት ነው" አለች ሳትጠየቅ። "ስልክሽን አውሺኝማ፣ የኔ ባትሪ ጨርሷል።"

ኢልሃም ሰጠቻት። ደጁ ላይ የተደረደረው ጫማ ከክሊኒኩ ሠራተኛ ይበዛል። ውስጥ የሠፈሩ ሽማግሌ ሼህ ዓብዱልመጂድ ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። የጎረቤት ሴቶች ተከናንበው ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደረች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

"ታኢ፣ ታኢ" ብለው ከጋሽ ሙሄ ጎን አስቀመጧት።

ጋሽ ሙሄ ግን ደስ ብሏቸዋል። "አየሽ ወግ ማለት ይሄ ነው! ቆይ ደግሞ፣ ልጄ ሙሀመድኑር ከጨፋ ሮቢት ትኩስ ወተት ይዞልን ይመጣል። ሞተር ከገዛ ወዲህ ወላሂ ወፍም አይቀድመው።"

ጨጨብሳው ቀረበ። ትልቁ ሳህን የተቀመጠው ከሁለቱ ፊት ነው። ሌላው ሰው ዳር ዳሩን ይነካካል እንጂ አይበላም።

"ብሉ እንጂ" ትላለች ፋሪዳ። "ብሉ፣ በአላህ።"

ኢልሃም ቀና ባለች ቁጥር ወደሷ በኩል የነበሩት ዐይኖች ሁሉ ይሸሻሉ። አፏ ያለውን እያላመጠች ማሰብ ጀመረች። ጨጨብሳ ላይ ሽንኩርት ምን ይሠራል? ሼሁስ የመሥሪያ ቤት ቁርስ ላይ ምን አመጣቸው?

እጇን ከሳህኑ ሰበሰበች።

እነሱ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። በባዶ ሆድም አይነገርም። ሐዘንተኛው በሌላ ሰበብ ይጠራል፣ ይበላል፤ ከዚያ ሽማግሌው ቀርበው መብላቱን ጠይቀው ያረዱታል። ትናንት ማታ እህቷ አፍናን "አባባ ተሽሎታል" ብላ ቶሎ ስልኩን ዘግታባት ነበር። አፍናን ደግሞ ወሬ አታሳጥርም።

ብድግ ብላ መሮጥ አማራት። ግን የሴቶቹ ጉልበት መንገዱን ይዞታል፤ በሩ ሥር የክሊኒኩ ሾፌር ጀይሉ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ብትነሳስ ምን ልትል ነው? ዱዓ አልተደረገ። ለመጠየቅም ፈራች፤ ካልጠየቀች አባቷ እስካሁን በሕይወት አለ።

ወተቱ በጋሽ ሙሄ ላይ ቆየባቸው።

"ይሄ ልጅ የት ቀረ? ጀይሉ ስልኬን ቻርጅ ላድርግልዎ ብሎ ወስዶታል። እስቲ ያንቺን ስጪኝ፣ ልደውልለት።"

"ፋሪዳ ጋ ነው" አለች ኢልሃም በደረቀ ድምፅ። "ገና በር ላይ ወሰደችው።"

ጋሽ ሙሄ ፋሪዳን አዩ። ሼሁን አዩ። ግድግዳውን የያዙትን ሴቶች አዩ። ከዚያ ወደ ኢልሃም ሲዞሩ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። የአባቷን መታመም ያውቃሉ፤ ባለፈው ለጥየቃ ፈቃድ የሰጧት እሳቸው ናቸው።

ከጨጨብሳው ቆንጥረው ወደ አፏ ዘረጉላት።

"ብይ፣ ልጄ። ስለኔ ብለሽ። አይዞሽ፣ አብሽሪ።"

ያቺ "አብሽሪ" ጨረሰቻት። እንባዋ ሻሿ ላይ ወረደ። ከእንግዲህ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ጋሽ ሙሄም አውቀውታል።

እንባዋን ሲያዩ ያ ወግ አክባሪ ሰው ዱዓ ሳይደረግ ከማዕዱ ተነሡ።

"በቃ! ልጅቷን አታንገላቷት። በልታለች፣ በእጄ አጉርሻታለሁ። ሼህ፣ ይንገሯት። አይዟችሁ፣ እኔ አለሁ ከጎኗ።"

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በሻሿ አፈነች። ጀይሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሼህ ዓብዱልመጂድ ተስቢሃቸውን ኪሳቸው ከተው ተነሡ። ኢልሃም ዐይኗን ጨፈነች። የሼሁ ኮቴ ቀስ እያለ መጣ፤ መጣና አጠገቧ ቆመ። ስሟን እስኪጠሩ ጠበቀች።

"ሙሄ" አሉ ሼሁ፣ "አንተስ በላህ?"