ሶሊያና በታይላንዶች ገበያ

«ምን ለብሳለች?» አላት የገበያው ጠባቂ፣ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠግቶ።

እንግሊዝኛው ገብቷታል። የጠፋችባትን የአምስት ዓመት ልጇን ጠዋት ለቅዳሴ ያለበሰቻትም በገዛ እጇ ነው። መልሱ ግን ከየት ይምጣ! እሌኒ ዓይን ላይ የሶሊያና ፊት ብቻ ድቅን ይላል፤ ከአንገት በታች ምንም የለም።

ታይላንዶች እሑድ እሑድ በመቅደሳቸው ግቢ የሚያቆሙት ገበያ ጢም ብሏል። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ፣ ከሰል ላይ የሚንጣጣው ዓሣ፣ የሻጮቹ ጥሪ፤ ቅድም ደስ ብሏት ያየችው ሁሉ አሁን ልጇን የዋጠባት መሰላት።

«እትዬ ቦሰና፣ እርስዎ ጋ አልነበረችም?»

«እኔማ አንቺ ጋ ናት ብዬ!» አሉ፣ ከፌርፋክስ በመኪናቸው ያመጧቸው ጎረቤቷ።

ጠባቂው ፖሊስ ልጥራ ሲል የእትዬ ቦሰና ፊት አመድ መሰለ።

«እሌኒዬ፣ ፖሊስ ከመጣ አይዲ ይጠይቀኛል። የመኖሪያ ወረቀቴን ነገር ታውቂያለሽ።»

«የጠፋችው እኮ ልጄ ናት!»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። መኪና ውስጥ እጠብቃችኋለሁ፣ ኦኬ?»

አጠገባቸው ፓፓያ በሙቀጫ የምትወቅጥ ሴትዮ ነበረች። ዘነዘናዋን ጣለች። የተሰለፉትን ደንበኞች ትታ የእሌኒን ክንድ ጨበጠችና በቋንቋዋ አንድ ነገር ጮኸች። ቀጣዩ ሻጭ ጩኸቱን ተቀበላት፤ ከእሱ ደግሞ የሚቀጥለው። የምግብ ጥሪው ሁሉ ቆሞ ያ ቃል ብቻ ከድንኳን ድንኳን ሄደ። ከወዲያ ጥግ አንዲት አሮጊት ማንኪያዋን ወደ መቅደሱ ቀሰረች።

የመቅደሱ ደረጃ ሥር የጫማ መዓት ተደርድሯል። ከነጠላ ጫማዎቹ መሀል ሁለት ትንንሽ ጫማዎች፣ እሌኒ ሶሊያናን ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳስተማረቻት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

እሌኒ አማተበች። የሌላ እምነት መቅደስ ረግጣ አታውቅም። ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ሶሊያና በአሮጊቶች መሀል ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፍታ ትሰግዳለች። ቀና ስትል እናቷን አየች።

«እሽሽ፣ እማዬ! እዚህ ቅዳሴው ገና አላለቀም።»

እሌኒ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

ሲወጡ ፓፓያ የምትወቅጠው ሴትዮ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር፤ ደንበኞቿ ከሩቅ እየተጣሯትም አልሄደችም። ከአጥሩ ማዶ፣ እትዬ ቦሰና መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉበት ቦታ ባዶ ነበር።