አባዬ ለቫት ምዝገባ ከረባት አሰረ

መዝጋቢዋ «ዓመታዊ ሽያጭሽ ስንት ይደርሳል?» ስትለኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እነግራታለሁ። አልሰማችኝም። ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ጠጋ ብዬ እደግምላታለሁ፤ አሁን እንኳን እሷ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬም ሳይሰማ አልቀረም።

አባዬ ብቻ አልሰማም። በሹፌርነት ዕድሜውን የጨረሰው የአውቶቡስ ሞተር አጠገብ ስለሆነ ቀኝ ጆሮው ከእሱ በፊት ነው ጡረታ የወጣው። ለሰርግ ብቻ የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ አጠገቤ ቆሟል። ጠዋት «አብሬሽ ልሂድ» ሲለኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እንደዚያ ለብሶ ሳሎን ቁጭ ብሎ ሳየው አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«የኔ እህት፣ በዚህ ሽያጭ የመመዝገብ ግዴታ የለብሽም» ትላለች መዝጋቢዋ። የእሷ ድምፅ በማጉያ ስለሚወጣ አዳራሹ በሙሉ ይሰማዋል። ትሁት ናት፤ ትህትናዋ ነው የባሰብኝ። «በፈቃድሽ ግን መመዝገብ ትችያለሽ። ሥራሽ ምንድነው?»

«መጋረጃ ሰፊ ነኝ።»

«የምትሰፊው ለድርጅት ነው ለመኖሪያ ቤት? ድርጅት ከሆነ የከፈለሽን ቫት ያቀናንሰዋል፣ አይጎዳም። የቤት ደንበኛ ግን ከየትም አያስመልሰውም። ወይ ዋጋው ይጨምርበታል፣ ወይ አንቺ ከኪስሽ ትችይዋለሽ። በዚያ ላይ በየወሩ እየመጡ ሂሳብ ማሳወቅ አለ።»

ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የሰፋሁላት ነርስ ለአንዲት መስኮት ስንት ጊዜ ተመላልሳ ነው ዋጋ የቆረጠችው። እሷ ላይ ታክስ ብጨምርባት መስኮቷን በአንሶላ ሸፍና ትኖራለች እንጂ ወደኔ ዝር አትልም። የኔ ደንበኞች ሁሉም እንደሷ ናቸው።

ታዲያ ለምን መጣሽ ለሚለኝ፣ መልሱ ከረባት አስሮ አጠገቤ ቆሟል። የድሮው መሥሪያ ቤት ያስቀጠረኝ እሱ ነው፤ ያውም የሰው ደጅ ጠንቶ። ሥራውን ስለቅ ክፉ ቃል አልወጣውም። ዝምታው ሲከብደኝ ጊዜ እኔው ነኝ «ዓመት ሳይሞላኝ ቫት ተመዝጋቢ እሆናለሁ፣ ታያለህ» ያልኩት። እሱም ዶክተር ሊሉኝ የተዘጋጁ ይመስል ለጡረተኛ ጓደኞቹ ሁሉ አወራ።

ስለዚህ «በፈቃዴ መዝግቢኝ» ለማለት አፌን እከፍታለሁ። ልዩነቱን ከኪሴ እችለዋለሁ፣ በየወሩም እየተሰለፍኩ አሳውቃለሁ፤ ብቻ ከዚህ አዳራሽ ተመዝግቤ ልውጣ።

አባዬ ይቀድመኛል። «ሆቴሉን ረስታው ነው» ይላታል። «ንገሪያት እንጂ ልጄ። ሙሉ ሆቴል እኮ ነው የያዘችው፣ ከታች እስከ ላይ።»

ከኋላችን ያለው ሰውዬ «ጎሽ» ይላል። ወረፋ ስንጠብቅ አባዬ ታሪኬን አንድ ሳያስቀር አጫውቶታል።

የመዝጋቢዋ ፊት ይፈካል። «ሆቴል ካለሽማ ሌላ ነው። እነሱ ራሳቸው የቫት ደረሰኝ ካልሰጠሽን ይሉሻል፤ መመዝገብሽ ያዋጣል። ታዲያ ለምን ሽያጩ ውስጥ አላስገባሽውም?»

መስኮቶቹን የለካሁት እኔ ነኝ። ጨርቁንም ያስመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ሥራውን ግን ለሌላ ሰጡት፤ ይሄም ከሆነ ሰንብቷል። አባዬ «ሆቴሉስ?» ባለኝ ቁጥር «እየሄደ ነው» እያልኩ እዚህ ደረስን። አሁን መዝጋቢዋ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። አንዲት ቃል ብጨምር ትመዘግበኛለች። ከዚያ በኋላ ግን በየወሩ እዚህ እየመጣሁ ስለሌለ ሆቴል መዋሸት ሊሆን ነው።

«የለም» እላታለሁ።

«ምኑ?»

«ሆቴሉ። ለሌላ ሰው ሰጥተውታል።»

አባዬ ደህናውን ጆሮውን ወደኔ ያዞራል። «ምን አልሻት?»

ይሄ በሹክሹክታ የሚሆን አይደለም። «ሆቴሉ ቀርቷል አባዬ» እላለሁ ጮክ ብዬ። «ከቀረ ቆይቷል። መመዝገብ አያስፈልገኝም፤ ሥራዬ ገና ትንሽ ነው።»

አዳራሹ ጸጥ አለ ብል ውሸት ነው፤ ሰው ሁሉ የራሱ ጉዳይ አለው። ለኔ ግን ጸጥ ያለ ይመስለኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታውን አልችለውም። አፍሬያለሁ፤ በሥራዬ ማነስ ሳይሆን እሱን እዚህ ድረስ አስለብሼ በማምጣቴ።

አባዬ ያየኛል። አይቆጣም፤ ቢቆጣ ምን ነበረበት። መዝጋቢዋን «ተባረኪ ልጄ» ይልና ለሰውዬው ቦታ ይለቅለታል። ሰውዬው ዓይኑን ከጫማው አያነሳም።

ደረጃው ጋ ስንደርስ አባዬ ስልኩን ያወጣል። ለዛሬ ማታ ጓደኞቹን ቤት እንደጠራ የማውቀው ገና አሁን ነው።

«ዛሬ እንኳ አትምጡ» ይላል። «ልጅቷን ትንሽ አሟት ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ አባዬ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። አውቶቡሱ ሲዘገይ እንኳ ለተሳፋሪው «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚል ሰው ነበር። በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሆንኩ ይጠይቀዋል መሰለኝ፣ አባዬ ጥቂት ያስባል።

«አይ፣ የሚያሰጋ አይደለም» ይላል። «ይሻላታል።»

ስልኩን ኪሱ ይከትና ክንዴን ይይዘኛል። እኔም ደረጃውን እንደ ታማሚ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ።