ባዶ መቅረት የነበረበት ቦታ

«ክፈተው እንጂ! ምን ታስታምመዋለህ?» ይለኛል የሸክላ ቤቱ አለቃ ዣን።

የትንሹን ምድጃ ክዳን ይዤ ቆሜያለሁ። ውስጥ ያለው ትልቅ ሳህን ሰማያዊውን የቀባው አባቴ ነው፤ ቀዩንና ወርቁን የደረብኩበት እኔ።

አባቴ እዚህ በቻይና የሸክላ ከተማ ጂንግዴዤን ውስጥ ከሰማያዊ ሌላ ቀለም ነክቶ አያውቅም። ዘንድሮ የባሕር ማዶ ነጋዴዎች የጃፓን ዓይነት ካልሆነ አንገዛም አሉ። እንደዚያ ሲሆን ሰማያዊው ጥቂት ነው፤ የቀረው ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ከመጀመሪያው እሳት ሲወጣ ቀይ አበባና ወርቅ ይሳልበታል። አባቴ ባዶ መተው አልሆንለት አለ። ለነጋዴዎቹ ለናሙና በሚቀርበው ሳህን ላይ፣ ለአበባው የተከለለውን ቦታ እጁ ሳያማክረው ቀርከሃ ሞላበት። እንደ መስታወት ከሚያብረቀርቀው ልባስ ሥር የገባ ቀለም ደግሞ አይፋቅም።

ቀዩን አወፍሬ እሸፍነዋለሁ ብዬ አለቃን የለመንኩት እኔ ነኝ።

«ከሸፈንከው አባትህ ሥራው ላይ ይቆያል» አለኝ። «ካልሸፈንከው ግን ራስህ ወደ ቤት ትወስደዋለህ።»

«ሙሽራን ቀይ ማልበስ ቀላል ነው» ይላል አባቴ ከኋላዬ፣ እየሳቀ። «መልኳ የሚለየው ሲገልጧት ነው። ግለጣት በቃ!»

እከፍታለሁ።

ወርቁ ያምራል። ቀዩ ግን ጠቁሯል። ስደርብበት ቀርከሃው ከሥሩ ያንቀላፋ መስሎኝ ነበር፤ እሳቱ ቀስቅሶታል። እንደ በለዘ ቆዳ ሆኖ ወጥቷል።

አለቃ ዣን አይቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ብሩሽዎን ይሰብስቡ» ይለዋል ዝግ ብሎ። «ሳህኑ ሳይሰበር ከግቢ እንዳይወጣ። ሰው አይቶት የኛ ነው እንዳይል።»

አባቴ ሳህኑን በጨርቅ ይዞ በሩ ላይ ወዳለው ብርሃን ያዘነብለዋል።

«ቀርከሃውስ ጥሩ ነበር፣ አይደል?»

«ጥሩ ነበር፣ አባዬ።»

«ቅጠሉ ነፋስ አለው።»

«አለው።»

ጎንበስ ብሎ የሳህኑን ጠርዝ ከድንጋዩ ደረጃ ጋር ያጋጨዋል። አይሰበርም። ድምፁ ጥርት ብሎ ግቢውን ይሞላል፤ ጭቃ የሚረግጡት ሰዎች ሳይቀሩ ዞር ይላሉ።

«ሰማህ?» ይለኛል፤ ዓይኑ በርቷል።

ከዚያ መስበሩን ለእኔ ትቶ ሳህኑን ያቀብለኛል። ገና አልበረደም።