የእማማ በረንዳ ችካሎች

«እማማ በረንዳ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከበረንዳቸው እምብዛም አይወርዱም። እዚያው ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይመርቃሉ፤ ካልጣማቸው ደግሞ ይራገማሉ።

አሁን ግን የሚመረቅም የሚረገምም ጠፍቷል። ቦታው ለመናፈሻ ተፈልጎ ጎረቤት ሁሉ ምትክ ቤት እየተቀበለ ሄደ። ገሚሱ ቤት ፈረሰ፤ ገሚሱ ኦና ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። የመነሻው ቀን ቢያልፍም እሳቸው አሻፈረኝ ብለው ቀሩ። አንዲት ልጃቸው ከባሏ ተፋትታ ርቃ ከሄደች ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል፤ ብትመለስ የምታውቀው በር ይህ ብቻ ነው።

«መጥታ ማንን ታንኳኳ? ዛፍ?» ይላሉ።

የመናፈሻውን ፕላን እንዲነድፍ የተመደበው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ልጃቸውን የፈታው የቀድሞ አማቻቸው።

ለቀድሞው የሰፈሩ ነዋሪ በተጠራው ስብሰባ ፕላኑን ግድግዳ ላይ ለጥፎ አስረዳ። የልጆች መጫወቻ እዚህ፣ መጸዳጃ ቤት እዚያ፣ የእግር መንገድ፣ የውሃ ቧንቧ፣ አግዳሚ ወንበር። ሽማግሌዎች አረፍ ብለው ሻይ ስለሚጠጡበት ቤት ማውራት ሲጀምር እማማ በረንዳ ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«በእኔ መቃብር ላይ ሻያችሁን ጠጡ!» ብለው ወጡ። የቀረውን አልሰሙም።

በሳምንቱ ሰውዬው ሜትር ይዞ መጣ። የበሩን ስፋት፣ የመስኮቱን ቁመት፣ ግቢው ውስጥ ያለችውን የሎሚ ዛፍ ሳይቀር ለካ።

«በረንዳው ስንት ሰው ያስቀምጣል፣ እማማ?»

«አንተን የሚያባርር አያጣም!»

ፈገግ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸውን ችካሎች ከመኪናው አውርዶ ዙሪያውን ተከለ፤ ቤቱን፣ በረንዳውንና ሎሚዋን መሀል አስገብቶ።

የእማማ በረንዳ ደም ፈላ። የጎረቤቶቻቸው ቤት ሲፈርስ ችካል የሚባል ነገር አልታየም። ዶዘር መጣ፣ ገፋ፣ አለቀ። የእሳቸውን ቤት ግን ለእርድ እንደተመረጠ በግ ምልክት አደረገበት። ቂም ካልሆነ ይሄ ምን ይባላል?

በማግስቱ ብቻውን መጥቶ አንኳኳ።

«እማማ፣ ስለ ቤቱ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ልጄን በትነህ አልበቃህ ብሎ ቤቴን ልትበትን መጣህ? ካንተ የምሰማው የለኝም!» በሩን ፊቱ ላይ ጠረቀሙት።

ከተዘጋው በር ውጭ ሆኖ ተናገረ።

«እሺ፣ ይሁን። ችካሎቹን ብቻ እንዳይነኩብኝ፤ አደራ።»

«ይኸውላችሁ፣ ደግሞ ይዝትብኛል» አሉ ባዶውን ክፍል። ቀጥሎ የልጃቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው መናፈሻውን ወደሚያሠራው ቢሮ ሄዱ። አማቻቸው እንደነበር፣ ቂም እንደያዘባቸው፣ ቤታቸውን ለይቶ ምልክት እንዳደረገበት ለኃላፊው እያለቀሱ ተናገሩ። ኃላፊው የአማችነቱን ነገር ሲሰማ ደነገጠ፤ ነገ በእሱ ላይ የሚዞር ጣጣ ታየው።

«እንዲህ ያለ ዝምድና መኖሩን አልነገረንም። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሥራ ይነሳል፣ እናቴ።»

አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ያቺን አንድ ቀን ብቻ።

እንደተመለሱ ችካሎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። የቀሩትን ቀዳዳዎች በእግራቸው አፈር እየገፉ ደፈኑ። ምልክቱ ከጠፋ ማን አውቆ ይነካዋል? እንጨቱን ከነጨርቁ ምድጃቸው አጠገብ ከመሩት።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ተስፋ አደረጉ ማለት ግን ይከብዳል። ደክሟቸው ነበር። ከበረንዳው ሆነው ኦናውን ሰፈር እያዩ ይውላሉ፤ ሲመሽ የልጃቸውን አልጋ አንጥፈው ይተኛሉ።

አንድ ጠዋት የመጨረሻዎቹን ችካሎች ማግደው የሻይ ማንቆርቆሪያቸውን እንደጣዱ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዶዘሩ መጥቷል። ሹፌሩ ወርዶ ኦናዎቹን ቤቶች አንድ በአንድ ዞራቸው፤ የእሳቸውንም ዞረ። አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ተነጋገረና ራሱን ነቀነቀ።

ሠራተኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አልጋዎቹን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር ተሸክመው አወጡላቸው። እማማ በረንዳ ምሰሶውን አቅፈው እንቢ ቢሉም ሁለቱ ደግፈው አወረዷቸውና መንገድ ዳር በራሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። በረንዳው በመጀመሪያው ግፊት ወደቀ። ግድግዳው ተከተለ። ሎሚዋ ከነሥሯ ተገለበጠች።

አቧራው ሲረግብ ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ አጠገባቸው ቆመ።

«ለዚያ ለአለቃችሁ ንገረው» አሉት እማማ በረንዳ። «ከሥራው ቢነሳም የልቡ ደርሷል፤ ደስ ይበለው።»

«ለሱ? ኧረ እሱስ፣ እናቴ፣ ሲሄድም አደራ ያለን በቀይ ችካል ያጠርኩት ቤት ከነባለቤቱ የሚቆይ ስለሆነ እንዳትነኩብኝ ብሎ ነበር፤ ብንዞር ብንዞር ችካል ያለበት ቤት አጣን።»